አሮጌ መኪና ስለ ማደስና ስለ ማስመሰል

በቀደም ዕለት በደባርቅ ከገበያው ዳር አንዲት አሮጌ ላንድ ሮቨር ቆማ፣ ሰውም እንደ ሙሽራ ከቧት አየሁ። ቀለሟ ያብረቀርቃል፤ የፊት መብራቷ አዲስ ነው፤ ቸርኬዋ ሰፊ፣ ወንበሯ ቆዳ ነው፤ ከውስጧም የሚወጣው ዘፈን መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል። ባለቤቷ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። እጅ ነሥቶ ሰላምታ ከሰጠኝ በኋላ፣ «መምህር፣ ይቺ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች ብል ማን ያምነኛል? ሞተሯ ግን የቶዮታ ናፍጣ ነው፤ ዳገት አይመልሳትም» አለኝ። እኔም «ፍሬኗስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና «ፍሬኗማ አልተነካም፤ ኦሪጅናል ነው» አለ።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ስለዚያች ኦሪጅናል ስለምትባል ቃል ነው። ሰው የሚታየውንና የሚያስመሰግነውን ሁሉ ለውጦ፣ የማይታየውንና ነፍስ የሚያድነውን ሳይነካው ሲቀር፣ ስንፍናውን ለጥንት ነገር ያለው አክብሮት አስመስሎ ያቀርበዋል። ሞተሩ ሲለወጥ «ሥልጣኔ ነው» ይላል፤ ፍሬኑ ሳይለወጥ ሲቀር «ቅርስ ነው» ይላል። ሁለቱም ቃላት የከበሩ ናቸው፤ በዚህ ሰው አፍ ግን አንዱ ለኩራቱ፣ ሌላው ለኪሱ ጠበቃ ሆነው ቆመዋል።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ አሮጌ መኪና የምጠላ ሰው አይደለሁም። በአገራችን መኪና አረጀ ተብሎ የሚጣል ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ቮልስን ተመልከቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱበት በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በእንዲህ ያለች ትንሽ መኪና ነበር። የዚያች የጥንቷ ቮልስ የመጨረሻዋ በሜክሲኮ አገር ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ከፋብሪካ ስትወጣ 21,529,464 ተሠርተው ነበር፤ ከእነዚያም መካከል በአዲስ አበባ ጎዳና እስከ ዛሬ የሚሽከረከሩ አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እንግዲህ ለእንደ እኛ ያለው ባላገር በእጁ ያለችውን አሮጌ ማደስ የኑሮ ጉዳይ እንጂ የሀብታም ጨዋታ አይደለም። ነገሩ የኑሮ ጉዳይ ስለ ሆነም ነው ውሸት የማይችለው።

ላንድ ሮቨር እንዴት እንደ ተሠራች የሚያውቅ ሰው የምለው ቶሎ ይገባዋል። ይህች መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ በሚያዝያ ወር 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም ለሕዝብ ስትታይ፣ እንግሊዝ ገና ከጦርነቱ ድህነት አልወጣችም ነበርና ብረት በራሽን የሚታደል ነበር። ስለዚህ አካሏን ከአሉሚኒየም፣ የምትቆምበትን ሻሲ ግን ከብረት አደረጉት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ ሻሲው ግን ይዝጋል፤ ያውም ጭቃና ውኃ በሚቋጥርበት በውስጡ በኩል። ውጤቱም ላይዋ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንደ ወጣት የሚያምር፣ ሥሯ ግን እንደ አሮጌ ወንፊት የተበሳሳ መኪና መሆኑ ነው። በዚህች ላይ ቀለም ቀብቶ «አደስኋት» የሚል ሰው ያደረገው ነገር ቢኖር፣ መኪናዋ ራሷ ስትናገረው የነበረውን ውሸት አብሯት መድገም ብቻ ነው።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። በዚህ በኩል ለተማሪዬ እፈርድለታለሁ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ከሳንቃበርና ከጨነቅ አልፎ ቧሒትን ሲሻገርማ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ጉድለቱ ወደ ሲሶ ይጠጋል። የድሮዋ የላንድ ሮቨር የቤንዚን ሞተር በደኅና ቀኗ ሰባ ሰባት የፈረስ ጉልበት ብትሰጥ ነው። ሸክም ይዛ ወደ ጃናሞራ ስትወጣ ስንት እንደሚቀራት ቁጠሩ። ስለዚህ ተርቦ ያለው ናፍጣ መግጠም ብልህነት ነው።

ነገር ግን የወጣ ሁሉ ይወርዳል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በወንጌል ስለ አሮጌ ልብስና ስለ አዲስ እራፊ የተነገረውን ምሳሌ ስናነብ፣ አዲስ ጨርቅ አሮጌውን እንዴት እንደሚቀድደው አይገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ። አዲሱ ሞተር ከዲፍሬንሻሉ ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን አሮጌ ዘንግ ይሰብረዋል፤ ካምቢዮውን ይፈጨዋል። ይህ እንኳ ቀላል ነው፤ መንገድ ላይ ቢያስቀር ነው። ከባዱ ቁልቁለቱ ነው። የቤንዚን ሞተር እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሣ አየር መግቢያው ስለሚዘጋ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ናፍጣው ግን አየሩን እንዲያ ስለማያፍን አያያዙ የላላ ነው። ለትልልቆቹ የናፍጣ ጭነት መኪናዎች የጭስ ማፈኛ ፍሬን የሚጨመርላቸው ለዚህ ነው። ተማሪዬ እንግዲህ ዳገቱን የሚያሸንፍ ሞተር ሲገጥም፣ ቁልቁለቱን ይረዳው የነበረውን እጅ አብሮ ቆርጧል፤ ሥራውም ሁሉ በአሮጌው ፍሬን ላይ ወደቀ።

ያ ፍሬን ምን እንደሚሸከም በሰሌዳ ላይ እንደማስተምር አድርጌ ልንገራችሁ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ከሃምሳ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከሊማሊሞ አናት እስከ ዛሪማ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ከዚያ ኃይል ነፋሱና ሞተሩ የማይወስዱት ሁሉ በአራት ታምቡሮች ውስጥ እሳት ይሆናል። ታምቡሩ ሲግል ከሸራው እየራቀ ይሰፋል። የፍሬኑ ዘይት ደግሞ በዕድሜው ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ቶሎ ይፈላል፤ በውስጡም እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይገፋም፣ ይጨመቃል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል። በብዙዎቹ አሮጌ ላንድ ሮቨሮች አራቱም ጎማ በአንድ የዘይት መስመር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ አንድ ቱቦ ከፈነዳ የሚተርፍ ፍሬን የለም። ፍጥነቱም እጥፍ ከሆነ መኪናውን ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ነው። ይህን ስምንተኛ ክፍል አስተምሬው ነበር፤ ደብተሩ ላይ «ጥሩ» ብዬ ጽፌለታለሁ።

በአሜሪካ አገር እንዲሁ ያለ በሽታ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ገደማ ፎርድ ሙስታንግንና ፖንቲያክ ጂ ቲ ኦን የመሳሰሉ፣ እነርሱ ባለ ጡንቻ የሚሏቸው መኪናዎች ወጡ። ያ ፖንቲያክ 325 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተሸክሞ አራቱም ፍሬኑ የታምቡር ነበር። ዛሬ በዚያ አገር እነዚህን መኪናዎች በአዲስ ዘመን ዕቃ የሚያድሱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከእኛም ልጆች በዚያ ሥራ የተሠማሩ አይጠፉም። ከእነርሱ ሥራውን የሚያውቀው ሰው ሞተር ከመጨመሩ በፊት ዲስክ ፍሬን ይገጥማል፤ መስመሩን ለሁለት ይከፍላል፤ መሪውን ያጠብቃል፤ ቀበቶ ያስራል። የእኛ ልጆች ግን በስልክ የሚያዩት ሥዕል የሚያሳየው ቀለሙንና ጭሱን ነው።

«አንድ ብሎን አይነካ» የሚል ሌላ ወገን ደግሞ አለ፤ እርሱም ይወቅሰኛል። ለእርሱ መልሴ አጭር ነው። መኪናዋ በግቢ ቆማ የምትታይ ከሆነች ብሎኗም አይነካ፤ አቧራዋም ቢሆን ይቀመጥላት። ሰው የምትጭን ከሆነች ግን የሰው ነፍስ ከፋብሪካ ማኅተም ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎችም የተሻለ ፍሬን ባገኙ ጊዜ የራሳቸውን አሮጌ ሥራ ለውጠዋል።

«የዓመት ምርመራ አለ፤ ቦሎ ያልተገባት መኪና አትነዳም» ይሉኛል። አዎን፣ አለ። ለምርመራው ቀን ጎማ ከጓደኛ ተውሶ፣ በማግሥቱ የሚመልስ ሰው ግን በዐይኔ አይቻለሁ። የጎማ ዕድሜ ከጎኑ ተጽፏል፤ በመጨረሻ የሚገኙት አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራሉ፤ 3512 ቢል በፈረንጆች 2012 ዓመት በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ማንበብ የሚችል ሁሉ ሊያየው ይችላል። መርማሪን ማታለል ይቻል ይሆናል፤ ሊማሊሞን ማታለል ግን የቻለ አላየሁም። ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ያን መንገድ ከገደሉ ላይ ሲጠርቡት ጥምዙን ያበጁት ለሚቆም መኪና ነው።

በልጅነቴ የሚሲዮናችን ሹፌር ሰኞ ሰኞ ጧት ከላንድ ሮቨሯ ሥር ገብቶ ቱቦዋን በጣቱ እየዳሰሰ ያይ ነበር። ጭቃዋን የሚያጥብላት ግን አልነበረም፤ እኛ ልጆች በጎኗ ላይ ስማችንን በጣታችን እንጽፍ ነበር። ያን ሰው ንዝህላል ይመስለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከበደል ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በማስተማር ሥራ ላይ ሳለሁ ከወንድሜ ጋር በማኅበር የገዛናት አሮጌ ላንድ ሮቨር ነበረችን። መካኒኩ «የፍሬን ቱቦዋ ተሰነጣጥቋል» ሲለን ጥቂት ገንዘብ በእጃችን ነበረ። «ቱቦው ለከርሞ ይሁን፤ ለፋሲካ ቀለም እንቀባት» ያልሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ዝም አለ፤ ታላቁ ነኝና። በሰኔ ወር ወደ ዛሪማ ስንወርድ ፔዳሉ ባዶ ሆነ። ወንድሜ መሪውን ወደ ተራራው ወገን መልሶ ከአለቱ ጋር አላተማት። እኛ ሁለታችን ዳንን። ከኋላ የተሳፈረው የጎረቤታችን ልጅ ግን ቀኝ ክንዱ ተሰብሮ በደንብ አልገጠመም፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ እርፍ የሚይዘው በግራው ነው። እናቱ በዚያች ሌሊት «እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈ፤ ዕቃ ምን ይታመናል» እያለች እግራችንን አጠበችን። ስለ ቱቦው አልነገርኋትም። አሁን በሕይወት የለችም።

በዚያ በገበያው ቀን ይህን ለተማሪዬ ነገርሁትና አብረን ከመኪናዋ ሥር ገባን። ነጠላዬን አጥፌ አነጠፍሁ። የኋላው ቱቦ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፤ ሻሲውን በቁልፉ ጫፍ ብነካው ዝገቱ በእጄ ላይ ረገፈ። ልጁ ደነገጠ። «መምህር፣ በዚህ ሳምንት ቱቦውንም ሸራውንም ከጎንደር አስመጣለሁ» አለኝ። የሐሰት ዕቃ እንዳይሸጡለት አስጠንቅቄው ተለያየን።

ትናንት ሰው ልኬ ባስጠይቅ፣ ሰባት መንገደኛ ጭኖ በጨነቅ በኩል ወደ መካነ ብርሃን ወጥቷል አሉኝ። ዕቃው ገና አልመጣም።