ቤተሰብና ኮምፒውተር፦ በነፃ የተሰጠው ለምን ከበደን?

ዛሬ የምንመለከተው ባልና ሚስትን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያነታርክ፣ በቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤትም ኅሊናን የሚቆረቁር ጉዳይ ነው፤ ኮምፒውተራችን ላይ ስለተጫነው ፕሮግራም።

በአሰላም ይሁን በበቆጂ፣ በኢተያም ይሁን በሁሩታ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚጠቀመው ተገልብጦ የተጫነ ዊንዶውስ ነው። አልተገዛም፤ ፈቃድም የለውም። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ብለን አልፈነዋል። ልጆቻችንን ግን የሰው ንብረት አትንኩ እያልን እናሳድጋለን። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በርካታ አሮጌ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም፤ አዲስ ለመግዛት ደግሞ የብዙዎቻችን ኪስ አይፈቅድም።

ደስ የሚለው፣ በነፃ የተሰጠ አማራጭ አለ። ኡቡንቱና ሊነክስ ሚንት የተባሉት በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫኑ ናቸው፤ ሊብሬኦፊስ ደግሞ የጽሕፈትና የሒሳብ ሥራ ይሠራል። ብታባዟቸው፣ ለጎረቤት ብትሰጧቸው ማንም አይከሳችሁም፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ፈቅደዋልና። ታዲያ ብዙ ሰው ሞክሯቸው በሳምንቱ ወደ ቀድሞው የሚመለሰው ለምንድን ነው?

የሚከብደው የመጀመሪያው ቀን ነው። የሴቶች ኅብረቱን መዋጮ የምትመዘግብ አንዲት እህት እናስብ። ባለቤቷ ሊነክስ ጭኖላት ወደ ሥራው ሄደ። አማርኛ ልትጽፍ ፈለገች፤ የለመደችውን ፓወር ግዕዝ አጣችው። የመዝሙር ቪዲዮ ከፈተች፤ እምቢ አላት። ማታ «ኮምፒውተሩን አበላሸኸው» አለችው። እርሱም «ይሄ እኮ በጣም ቀላል ነው!» ብሎ ማውሱን ከእጇ ነጠቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ የእርሱ ብቻ ሆነ። ሁለቱም መልካም አስበው ነበር፤ ለጀማሪዋ ግን መንገዱን የጠረገላት አልነበረም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የነፃ ሶፍትዌር ሠሪዎች ለረጅም ጊዜ የሠሩት እንደ እነርሱ ላለ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ ጂኖም የተባለውን የሊነክስ ገጽታ ለማያውቁት ሰዎች ሰጥቶ፣ ሲሠሩበት ተቀምጦ ተመለከተ። ለሠሪው ግልጽ የሆነው ነገር እንግዳውን ግራ እንደሚያጋባ ታየ። በ2002 ለሠሪዎች መመሪያ ወጣ። ስሞችም ቀስ በቀስ ተስተካከሉ። ፋይል የሚከፈትበት ፕሮግራም «ናውቲለስ» ይባል ነበር፤ ይህን ሰምቶ ሥራውን ማን ይገምታል? በ2012 «ፋይሎች» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ አማካይነት የተጀመረው ኡቡንቱም ለአንድ ሥራ አንድ ፕሮግራም መርጦ ቀረበ፤ ሲዲውንም እስከ 2011 ድረስ በዓለም ዙሪያ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር።

የአርሲ ሰው ይህን ከእርሻው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው ካዱ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስፋፋ፣ ዘሩን አስረክቦ አልሄደም። ሠራተኞቹ ገበሬው ዘንድ እየሄዱ፣ በማሳያ እርሻ ላይ አሳዩ። ጥሩ ዘርም ቢሆን አጠገብ ቆሞ የሚያሳይ ሰው ይፈልጋል።

እንግዲህ ለቤተሰቡ ወይም ለቤተ ክርስቲያኑ የሚጭን ሰው እነዚህን ልብ ይበል፦

1. ከመጫን በፊት ይሞከር። ሊነክስ ሚንት ከፍላሽ ላይ ተነሥቶ ይሠራል፤ ዊንዶውሱም አይነካም። ለመጫን ስትወስኑ ግን አስቀድማችሁ የቤተሰቡን ፎቶና ሰነድ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

2. አማርኛው ከሁሉ ይቅደም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ስለገባ ሊነክስ ላይ በደንብ ይነበባል። ለመጻፍ አይባስ በተባለው መሣሪያ «ሰራ» የተባለውን የአማርኛ አጻጻፍ ምረጡ፤ ፊደላቱን በላቲን ድምፃቸው ስትነኩ «ሰላም» ይወጣል። ይህ ቅንብር ውስጥ ለውስጥ ስለተደበቀ ጀማሪ ብቻውን አያገኘውም። ሊብሬኦፊስም የአማርኛ ማውጫ አለው። በቁቤ ኦሮምኛ ለሚጽፍ ልዩ ኪቦርድ አያስፈልግም፤ ቃሉን ሁሉ በቀይ የሚያሰምረውን የእንግሊዝኛ ፊደል አራሚ ግን አጥፉለት።

3. አሮጌ ሰነዶችን አትርሱ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች የተተየበ የአባላት መዝገብ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። አልጠፋም፤ ግን አስቀድማችሁ አትማችሁ አስቀምጡ።

4. መዝሙርና ቪዲዮ ሞክሩ። ሚንት ሲጫን የሙዚቃና የቪዲዮ መክፈቻዎችን ይጨምር እንደሆነ ይጠይቃል፤ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ «አዎ» በሉት። ፕሪንተሩንም በዚያው ቀን አገናኙ።

5. ገበታውን አቅልሉ። የምትፈልጋቸውን አራት አምስት ነገሮች ብቻ ፊት ለፊት አስቀምጡላት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ወንድሜ ሆይ፣ ባለቤትህ ስትሞክር አጠገቧ ተቀመጥ፤ እጅህን ግን ሰብስብ። የቆመችበትን ቦታ በወረቀት ጻፍ፤ ያ ቦታ የእርሷ ድክመት ሳይሆን አንተ ልታስተካክለው የሚገባ ጉድጓድ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ ያደረገውም ይህንኑ ነው። «ቀላል ነው» የሚለውን ቃል ተወው፤ ላልቻለ ሰው ስድብ ይሆንበታልና። አንቺም እህቴ፣ ያልገባሽን ከመጠየቅ አትፈሪ። የአንቺ ጥያቄ ከአንቺ በኋላ ለሚመጣው ጀማሪ መንገድ ይጠርጋል።

ወጣቶች ሆይ፣ ኮምፒውተር የምታውቁ ከሆነ ከአምልኮ በኋላ አንድ ሰዓት ለአንድ ቤተሰብ ስጡ። ጭናችሁም አትሂዱ፤ በሳምንቱ ተመለሱና የት እንደከበዳቸው ጠይቁ። በነፃ የተሰጠው ነገር ቤት ገብቶ የሚቀረው እንዲህ ሲሆን ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።