የደም ቍጥርና የዳኛ ሚዛን

ደም አንደበት የለውም። ሆኖም በዘመናችን የላቦራቶሪ ሊቃውንት አንደበት ሰጥተው በችሎት ፊት አቁመውታል። እንግዲህ የሚቀረው የተናገረውን አጣርቶ መስማት ነው።

ዶክተር ካርል ላንድስታይነር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. የደም ዓይነቶችን ለይተው ባሳወቁ ጊዜ መርማሪዎች አንድ መሣሪያ አገኙ። ይኸውም ንጹሑን ለማዳን የሚረዳ እንጂ ጥፋተኛውን ለይቶ የሚያመለክት አልነበረም፤ አንድ የደም ዓይነት የብዙ ሚሊዮን ሰዎች ነውና። በ1984 ዓ.ም. ግን ፕሮፌሰር አሌክ ጄፍሪስ በእንግሊዝ አገር በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ሰውን ከሰው በዲ.ኤን.ኤ. የመለየትን ዘዴ አገኙ። ከዚያ ወዲህ የደም፥ የምራቅ ወይም የዘር ፈሳሽ ጠብታ «ከሚሊዮን አንድ» የሚል ቍጥር ይዞ ወደ ፍርድ ቤት ይገባል።

ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ባለሙያው «ይህ ምልክት ከሚሊዮን ሰው በአንዱ ይገኛል» ሲል፥ ሰሚው «እንግዲያስ ተከሳሹ ንጹሕ የመሆኑ ዕድል ከሚሊዮን አንድ ነው» ብሎ ይተረጕመዋል። ሁለቱ አባባሎች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ቄስ ሁሉ ይጠመጥማል፤ የጠመጠመ ሁሉ ግን ቄስ አይደለም። ሊቃውንቱ ይህን አገማመት «የዐቃቤ ሕግ ስሕተት» ብለው ሰይመውታል።

የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1996 ዓ.ም. በዘር ፈሳሽ ማስረጃ የተፈረደባቸውን የሁለት ሰዎች ጉዳይ ሲመረምር ነገሩን በቀላል ሒሳብ አስረድቷል። ምልክቱ ከሚሊዮን በአንዱ የሚገኝ ቢሆን፥ በብሪታንያ ይህ ምልክት ያላቸው 26 ያህል ወንዶች ይኖራሉ። ሌላ ማስረጃ ከሌለ ተከሳሹ ከእነዚህ አንዱ ነው ከማለት በቀር ምንም ማለት አይቻልም። በዚያ ሰዓት በስፍራው መገኘቱ ከተረጋገጠ ግን ያው ቍጥር ብርቱ ምስክር ይሆናል። ከሁለቱ የአንዱ ፍርድ ተሻረ፤ የሌላው ጸና።

ዛሬ ቍጥሩ «ከቢሊዮን አንድ» እስከ መባል ደርሷል። ይህም ቢሆን ፈሳሹ መቼና እንዴት ከዚያ እንደ ደረሰ አይነግርም፤ በላቦራቶሪ ናሙና ከናሙና ተቀላቅሎ እንደ ሆነም አይመልስም። የሥጋ ወንድም ሲኖርም ሒሳቡ ይለወጣል።

ስለዚህ ባለሙያው ከድርሻው አይለፍ። «ፈሳሹ የተከሳሹ ቢሆን ይህ ውጤት የሚገኝበት ዕድል፥ የማይዛመደው ሰው ቢሆን ከሚገኝበት ዕድል ይህን ያህል እጥፍ ይበልጣል» ብሎ ያቁም። ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን፥ ማስረጃውን ሁሉ አንድ ላይ መዝኖ የሚመልስ ዳኛው ነው። ቍጥሩ ያለ መጠን ሲከበር ንጹሕ ሰው ይታሰራል፤ ያለ መጠን ሲናቅ ደግሞ ተበዳይ ፍትሕ ያጣል። ቍጥር በችሎት ምስክር ይሁን፤ ዳኛ ግን አይሁን።