ውሻ ገድሎ ካላዛርን ማጥፋት አይቻልም

ስለ ካላዛር በጻፍኩ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ መልስ አንድ ነው፦ «የባዘኑትን ውሾች በመርዝ መጨረስ ነው!» ሲሰሙት ቆራጥነት ይመስላል። እኔ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው የምለው።

እስኪ ይህን መንገድ የሞከረችውን አገር እንይ። ብራዚል ውስጥ የካላዛር ተውሳክ ዋነኛ ማደሪያ ውሻ ነው። ከውሻ ወደ ሰው የሚያሻግረው ደግሞ የአሸዋ ዝንብ ነው። መንግሥት ለአሥርት ዓመታት በምርመራ የተገኘበትን ውሻ ሲያስገድል ኖረ። ይህ ሁሉ እየተደረገ በሽታው ከገጠር ተነስቶ ትልልቅ ከተሞች ገባ።

ለምን? ምርመራው የሚስታቸው ውሾች አሉ። ውጤቱ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ፤ ዝንቡ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ውሻው የተገደለበት ቤተሰብም ቡችላ ያመጣል፤ ቡችላው በተራው ይያዛል። ዝንቡን የነካው የለም።

በ2008 እ.ኤ.አ. ብራዚል ለሰው በተፈቀደ መድኃኒት ውሻ ማከምን ከለከለች። እዚህ ላይ ሐቅ አለ፤ የሰውን መድኃኒት ለውሻ ማደል ተውሳኩን ከመድኃኒቱ ጋር ሊያላምደው ይችላል። ግን መፍትሔው ግድያ አልነበረም። በ2016 ሚልቴፎሲን ለውሾች ሕክምና ተፈቀደ። በ2021 ደግሞ ጤና ሚኒስቴሩ ዴልታሜትሪን የተባለ ፀረ ተባይ ያለበትን የአንገት ማሰሪያ በተመረጡ ከተሞች ለውሾች ማሰር ጀመረ። ማሰሪያው ዝንቡን ከውሻው ያርቃል፤ የቀረበውንም ይገድላል።

አንዋሽ፤ ሕክምናው ተውሳኩን ከውሻው ሰውነት ጠርጎ አያወጣም። ምልክቱን ይቀንሳል፣ ዕድሜ ይጨምራል። በሽታው ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ኩላሊትንም ስለሚጎዳ፣ የእንስሳት ሐኪም በየጊዜው ሊያየው ይገባል።

ወደ አገራችን እንምጣ። በመተማና በሁመራ ያለው ተውሳክ ሌላ ዝርያ ነው፤ በዋነኛነት በዝንቡ አማካይነት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። የውሻ ድርሻ ገና በጥናት አልተቋጨም። በ2005 እ.ኤ.አ. ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኙ ሲነሳ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ነበር። በኋላ የተደረገው ጥናት ውሻ ማሳደግን፣ ደጅ ማደርንና ግራር ሥር መተኛትን ከበሽታው ጋር አያይዟቸዋል። ከሦስቱ ውሻውን ብቻ ነጥሎ መክሰስ ምን ይባላል? ግራሩን ቁረጡ ያለኝ እስካሁን የለም።

ውሻ መግደል የሚወደደው ርካሽ ስለሆነ ነው። ሬሳው ይቆጠራል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ሰሊጥ ለማጨድ ወርዶ ሜዳ ላይ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ግን ያው አጎበር የለውም። ካላዛር ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ትኩሳቱ ወባ እየተባለ ሆዱ እስኪነፋ የሚጠብቅ ሰው አለ።

ስለዚህ ለመርዝ የሚወጣ ገንዘብ ካለ አጎበር ይገዛበት። በቅርብ ጤና ጣቢያ የካላዛር ምርመራ ይኑር። ጥርጣሬው ውሻ ላይ ከሆነም የእንስሳት ሐኪሞች ይመርምሩና ማስረጃውን ያቅርቡልን። ከዚያ በፊት መርዝ የሚበትን ሁሉ ሕዝብን እየጠበቀ አይደለም፤ ሥራውን እየሸሸ ነው።