ብቻዋን የምትጠግብ ንብ የለችም

ከመራዊ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባለው አገር መስከረም ሲጠባ ሜዳው በአደይ አበባና በመጭ ቢጫ ይለብሳል፤ የኑጉም ማሳ ይከተላል። ንቦች ሥራ የሚበዛባቸው ያኔ ነው። ማሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከማሩ በፊት በቀፎው ውስጥ የሚሆነውን ግን ብዙዎቻችን ልብ ብለነው አናውቅም።

ቀሳሚዋ ንብ ከአበባ የቀዳችውን ጣፋጭ ፈሳሽ የምትይዘው በሆዷ ውስጥ ባለ ልዩ ከረጢት ነው። ይህ ከረጢት የራሷ ጨጓራ አይደለም። በሁለቱ መካከል ትንሽ መዝጊያ አለ፤ ለብርታቷ የሚያስፈልጋትን ያህል ወደ ጨጓራዋ ታሳልፋለች፣ የቀረው የቤቱ ነው። ቀፎ ስትደርስ መንጋጋዋን ከፍታ ጠብታውን ታወጣለች፤ እህቷ ምላሷን ዘርግታ ትቀበላለች። ተቀባይዋም ለሌላ ታቀብላለች ወይም በእንጀራው ውስጥ ታኖረዋለች። የተራበች ንብ ካለች ወደ ሌላዋ አፍ ተጠግታ ምላሷን ትዘረጋለች፣ እሷም ታካፍላታለች። በእኛ ቋንቋ ይህ ጉርሻ ነው። አባቶቻችን ሰሙን «የማር እንጀራ» ማለታቸው እንዴት ያምራል! ቀፎ ማለት መሶብ ነውና።

ይህ ጉርሻ ምን ያህል እንደሚደርስ ሳይንቲስቶች መርምረዋል። በ1952 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከ24,000 በላይ ንቦች ካሉበት ቀፎ ለስድስት ቀሳሚዎች ብቻ ምልክት የተደረገበት የስኳር ውሃ ተሰጣቸው። ከ27 ሰዓት በኋላ ከቀፎው ንቦች ግማሽ ያህሉ ከዚያ ምግብ ደርሷቸው ተገኙ። ስድስት ንቦች የቀመሱት በአንድ ቀን ግድም ለብዙ ሺህ ተዳረሰ።

ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በጉርሻው ውስጥ ወሬም አለ። ከመስክ የተመለሰች ቀሳሚ ተቀባይ ቶሎ ካገኘች ቤቱ ገና እንደሚፈልግ ትረዳለች፤ ብዙ ከጠበቀች ጎተራው እየሞላ ነው። ማንም ሳያስታውቅ፣ ስብሰባ ሳይጠራ፣ ቀፎው ረሃቡንም ጥጋቡንም የሚያውቀው በመጎራረስ ነው። ስለዚህም አበባ ጠፍቶ ስንቅ ሲያልቅ አንዷ ጠግባ ሌላዋ አትራብም። የመጨረሻዋን ጠብታ ስለሚካፈሉ አብረው ይደክማሉ። አናቢዎቻችን በችግር ወቅት በሶ፣ ሽሮ ወይም የስኳር ውሃ ሲያቀርቡላቸውም ያው ምግብ ለሁሉም ይዳረሳል።

ወገኖች፣ የእኛስ ኅብረት እንዲህ ነው?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ላይ የምናነባት ቤተ ክርስቲያን በትምህርቱና በጸሎቱ ብቻ አልተጋችም፤ በየቤቱም እንጀራ ትቆርስ ነበር። በምዕራፍ 6 ላይ ደግሞ አንዳንድ መበለቶች በዕለቱ ምግብ እንደተረሱ ሲሰማ ሐዋርያት «ይህ ሥጋዊ ጉዳይ ነው» ብለው አላለፉትም፤ መንፈስ ቅዱስ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች ሾሙለት። በቆሮንቶስ ግን አንዱ ተርቦ ሌላው ሰክሮ በጌታ ማዕድ ዙሪያ ሲገኙ፣ ጳውሎስ እራት ተብሎ እንዲጠራ እንኳ አልፈቀደም። ለእርሱ የማዕዱ ጉዳይ የወንጌሉ ጉዳይ ነበር።

በእኔ እምነት የዛሬው ችግራችን የልግስና ማነስ አይደለም። አማኞቻችን አሥራት ያወጣሉ፣ መባ ይሰጣሉ፣ ለጉባኤ ያዋጣሉ። ችግሩ አለመተዋወቃችን ነው። የመባ ሣጥን ገንዘብ ያስተላልፋል፤ የማን ሞሰብ ባዶ እንደሆነ ግን አይነግረንም። ከአጠገባችን እጇን አንሥታ የምትዘምረው እህት ትናንት ማታ ልጆቿን በምን እንዳሳደረች የማናውቀው፣ አብረን ስለምንዘምር እንጂ አብረን ስለማንበላ ነው።

ይህ በእኛ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. በመራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። እያንዳንዱ ቁጥር ቤት ነው። ቀሳሚዋ ወጥታ ያልተመለሰችበት ቤት ስንቁ የሚያልቀው በቀብሩ ሰሞን አይደለም፤ ያኔማ ጎረቤቱም እድሩም አለ። የሚያልቀው ለቀስተኛው ከተበተነ ከወራት በኋላ፣ ማንም በማይጠይቅበት ጊዜ ነው።

«እንዲህ ካደረግን ሰነፍ አይበዛም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ንቦችም ምግብ ሲያጥር ድንጉላዎቹን ከቀፎ ያስወጣሉ። ጳውሎስም በ2ኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 3 ላይ መሥራት የማይወድን ሰው ገሥጿል። ነገር ግን የገሠጸው የማይወደውን እንጂ የማይችለውን አይደለም። ሁለቱንም መለየት የሚችል ደግሞ ቤታቸውን የሚያውቅ ብቻ ነው።

ንብ ልታስተምረን የማትችለውም አለ። በቀፎ በር ላይ ጠባቂዎች ቆመው የሚገባውን ሁሉ በሽታው ይመረምራሉ፤ የሌላ ቀፎ ንብ ልትዘርፍ ከመጣች ይዋጓታል። የጉርሻው ወሰን እዚያ በር ላይ ነው። የጌታችን ማዕድ ግን ከዚህ ይሰፋል። በገላትያ ምዕራፍ 6 ላይ ለእምነት ቤተ ሰዎች ይልቁንም፣ ለሰው ሁሉ ግን መልካም እንድናደርግ ታዘናል። በጎጃም ገጠር እኛ ጥቂቶች ነን፤ ጥቂት የሆነ ሕዝብ በሩን ዘግቶ እርስ በርሱ ብቻ ለመጎራረስ ይፈተናል። የተራበችን መበለት በየትኛው ደጅ እንደምትሳለም ጠይቀን የምንሰጥ ከሆነ፣ ከንብ አልፈን አልሄድንም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ትልቅ ፕሮጀክት አያስፈልግም። የቤት ለቤት ኅብረታችን ከጸሎቱ በኋላ ማዕድ ይኑረው፤ ቆሎና ውሃም ቢሆን። በየቡድኑ ሁለት ሰዎች በሳምንቱ ያልታየውን ቤት የማንኳኳት አደራ ይቀበሉ። ያለው የሚሰጥበት ብቻ ሳይሆን የጎደለው ሳያፍር «ጎድሎብኛል» የሚልበት ጊዜ ይኑር። በቀፎ ውስጥ ምላሷን መዘርጋት ለንብ ውርደት አይደለም፤ በክርስቶስ አካል ውስጥ መለመን ለምን ውርደት ይሆናል? ለዚህ ደግሞ መጀመር ያለብን ያለን ሰዎች ነን፤ የኛንም ጎዶሎ ሳንደብቅ።

ከእጃችን የገባው ሁሉ የእኛ ሆድ አይደለም። ጌታ የሚበቃንን ወደ ራሳችን የምናሳልፍበትን፣ የቀረውን ለቤቱ የምንይዝበትን ልብ ይስጠን። በዚህ ሳምንት ከማን ጋር አብራችሁ ልትበሉ ነው?

ጸጋ ይብዛላችሁ።