ቱርቦው ላይ ከመፍረዳችን በፊት

ከዳባት ወዲያ ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚያቃስት አይሱዙ ከፊታችሁ ገጥሟችሁ ያውቃል? እናንተ መስኮት ዘግታችሁ ሾፌሩን ትረግማላችሁ፣ ሾፌሩ ደግሞ የደጋውን አየር። «አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር ይታፈናል።»

እኛ ይህን ሰበብ አንቀበልም። እርግጥ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ አካባቢ ነው። ቱርቦ የሚፈለገው ግን ለዚሁ አይደል እንዴ! አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 እ.ኤ.አ. ቱርቦ የገጠመለትን የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር በሚደርሰው የፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ አውጥቶ ፈትኖታል፤ ሞተሩም ጉልበቱን አላጣም። (ራስ ዳሽን ቢያውቅ ኖሮ ትንሽ ከፍ ይል ነበር።)

ስለዚህ ከአየሩ በፊት ቱቦውን ጠርጥሩ። ቱርቦው የጨመቀው አየር ሞተር ውስጥ የሚገባው በላስቲክ ቱቦዎች ነው። አንዱ ከተሰነጠቀ ወይም ማሰሪያው ከላላ አየሩ መንገድ ላይ ይቀራል። ናፍጣው ግን ይመጣል፤ የሚያቃጥለው አየር ሲያጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ተንኮሉ፣ ስንጥቁ መኪናው ቆሞ ሲንተከተክ ይገጥማል፣ ጫና ሲመጣ ይከፈታል። ጋራዥ ውስጥ «ደህና ነው» የተባለ መኪና አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርስ የሚለግመው ለዚህ ነው።

ከዚያ ምን ይባላል? «ቱርቦው ሄዷል፣ ይቀየር!» አዲሱም ቱርቦ የሚያፈስ ቱቦ ላይ ከታሰረ የጎደለውን ለመሙላት ከልኩ በላይ እየተሽከረከረ ዕድሜው ያጥራል። ጭሱን ደግሞ ዳገቱን በእግሩ የሚወጣው ተማሪ ይስበዋል፤ ሊማሊሞ ላይም ጉልበት ያጣ መኪና ከኋላው ያለውን ሁሉ ኩርባ ላይ እንዲቀድም ይገፋፋዋል።

መላው ጎሚስታ ቤት አለ። ጎሚስታ የተነፋ ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋውን ያይ የለ? ይህም ያው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከአየር ማጣሪያው ወደ ቱርቦ የሚያስገባው አፍ በክዳን ይደፈናል። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦም መዘጋት አለበት፣ ይቺን የሚረሳ ብዙ ነው። ከኮምፕረሰር ግማሽ ባር ያህል ቀስ ተብሎ ይሞላል። ከዚያ በየመጋጠሚያውና በየቱቦው ሆድ የሳሙና ውኃ ይቀባል። በቫልቮች በኩል ትንሽ አየር ማለፉ ስለማይቀር ከጌጁ ይልቅ አረፋውን እዩ።

አረፋ ከሌለ ያኔ ቱርቦው ይፈታ፣ እንከፍላለን። ሳሙና ሳይቀባ ግን አንከፍልም።