ተመልካቾቹን ማን ሰረዛቸው?

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆቼ ኬሚስትሪ ሲነሳ ፊታቸውን ያዞራሉ። «ደረቅ ነው፤ ቋንቋ የለውም» ይላሉ። እኔ ግን እሞግታለሁ፦ የተጣራ አዮናዊ እኩልታ መጻፍን ያህል ጥብቅ የአርትዖት ትምህርት ከየትም አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገበታ ጨው የሟሟበትን ውኃ ከብር ናይትሬት ሙሙት ጋር ስንቀላቅል ነጭ ዝቃጭ ወዲያው ይታያል። ጸሐፊው በመጀመሪያ የውሁዶቹን ስም በሙሉ ይጽፋል። ቀጥሎ የሟሟውን ሁሉ ወደ አዮኖቹ ይፈታል፤ ዝቃጩን ግን አይፈታውም፤ ጠጣር ሆኗልና። በመጨረሻም ከለውጡ በፊትም በኋላም ያልተለወጡትን ሶዲየምንና ናይትሬትን «ተመልካቾች» ብሎ ይሰርዛል። የሚቀረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ የብር አዮንና የክሎራይድ አዮን ተገናኝተው ብር ክሎራይድ ሆኑ።

ታዲያ ጠቤ ከማን ጋር ነው? «በሁለቱም ወገን ያለውን ሰርዝ» ከማለት በቀር ሌላ ከማያስተምሩት ጋር፤ ደግሞም ይህንኑ ሕግ ወደ ድርሰት አምጥተው «ድርጊት የሌለው ገጸ ባሕርይ ይውጣ» ከሚሉን ሐያስያን ጋር ነው።

ተማሪ ሳለሁ እኔም ሰርዝ የተባልኩትን ሰርዤ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ፤ ማንን እንደሰረዝኩ ግን አላውቅም ነበር። ብር በውኃ አይሟሟም። ናይትሪክ አሲድ አሟሙቶት፣ ናይትሬት አጅቦት ነው ከጨዉ ደጃፍ የደረሰው። ተመልካች ያልነው አጃቢው ነበር!

ሳያስተውሉ መሰረዝ ያሳስታል። ባሪየም ሃይድሮክሳይድና ማግኒዥየም ሰልፌት በውኃ ውስጥ ሲገናኙ ሁለቱም ውጤቶች ይዘቅጣሉ፤ የሚሰረዝ ተመልካች የለም። በቃል ያጠና ተማሪ እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። ባልንጀራን መናቅ ደግሞ ከማሳሳትም ያልፋል፦ ባሪየም ክሎራይድ መርዝ ነው፤ ባሪየም ሰልፌትን ግን፣ ስለማይሟሟ፣ ሕሙማን ለራጅ ምርመራ ይጠጡታል። ባሪየሙ ያው ባሪየም ነው፤ ሞትንና ሕይወትን የለየው አብሮት ያለው ነው።

ስለዚህ እላለሁ፦ ማሳጠር የሚያምረው ሙሉውን ጽፎ ለጨረሰ ነው። የተጣራው እኩልታ እውነት ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ስለተለወጠው ብቻ ነው። ዝቃጩ ከሥር ሲተኛ ሶዲየምና ናይትሬት ከላይ በጠራው ውኃ ውስጥ ይኖራሉ። ውኃው ሲተን ጨው ሆነው ይገለጣሉ። የተሰረዙት ከወረቀታችን ነው፤ ከብርጭቆው አይደለም።