«4 ዓመት ሞላው፣ ፊደል ግን አልለየም» ለምትሉ ወላጆች



ከሰመራ፣ ከሎጊያና ከአዋሽ የሚጽፉልኝ ወላጆች አንድ ጥያቄ ይደጋግማሉ። «ዶክተር፣ ልጄ 4 ዓመት ሞላው፤ ፊደል ግን ገና አልለየም። ችግር ይኖርበት ይሆን?» እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ማታ ስትገቡ ዛሬ ምን እንዳየ፣ ከማን ጋር እንደተጫወተ ይነግራችኋል?» ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «እሱማ ስልክ ይዞ ነው የሚውለው» የሚል ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው። በ4 ዓመቱ ፊደል ያልለየ ልጅ ጊዜ አለው። በ4 ዓመቱ ከዋለበት አንድ ነገር እንኳ መናገር የማይችል ልጅ ግን በሐኪም መታየት አለበት።

ምክንያቱን ላስረዳ። ማንበብ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ፊደሉን ወደ ድምፅ መቀየር ነው። ሁለተኛው ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ያስተምረዋል። ሁለተኛው ግን ከተወለደ ጀምሮ ቤት ውስጥ በጨዋታ የሚጠራቀም ነው። ቃል ያላጠራቀመ ልጅ ፊደሉን ቢጠራውም ያነበበው አይገባውም።

ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራችን በ6 ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አፋርኛ ከ6ቱ ቋንቋዎች ውስጥ አልነበረም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የመምህራን ሥልጠና አለ፣ የክፍል መጨናነቅ አለ። እነዚህን ወላጅ ብቻውን አይፈታቸውም። የቤቱ ድርሻ ግን በእጃችን ነው።

ደግሞ የአፋር ቤተሰብ ለዚህ ባዶ እጁን አይደለም። ዳጉ አለው።

አዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ ሐይቆች ውስጥ ገብቶ በሚቀርበት በአፋምቦ በኩል፣ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቆሞ ወይ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል። ከየት ተነሣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? ዝናቡ የት ጣለ? ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ይለያል። አድማጩ እየጠየቀ ያጣራል፤ ምክንያቱም እሱም በተራው ሳያዛባ ለሌላ ሰው ማድረስ አለበት።

እስቲ አስቡት፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ ከዚያስ? አንደኛ ክፍል ልጁ ታሪክ ካነበበ በኋላ የሚጠየቀው ይኼንኑ ነው። በዳጉ ቤት ያደገ ልጅ ጥያቄውን ፊደል ሳይቆጥር ለምዶታል።

ከተማ ስንገባ ግን ይህ እየቀረ ነው። ሰመራ ላይ ሙቀቱ ልጆችን ቀኑን ሙሉ ቤት ያስቀምጣል። እናትና አባት ሥራ ናቸው። ስልኩ ደግሞ ቅርብ ነው፤ ልጁንም ዝም ያሰኛል። አልፈርድም፤ ድካሙን አውቀዋለሁ። ግን ልጅን ዝም የሚያሰኝ ነገር መናገር አያስተምረውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል።

«ፊደል የሚያስተምር ቪዲዮ እኮ ነው የምከፍትለት» የምትሉ አላችሁ። ቪዲዮው ለልጁ ይናገራል እንጂ ልጁን አያዳምጠውም። በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ከ4 እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ባወጡት ጥናት፣ ከአንጎል የቋንቋ ክፍል ሥራ ጋር ይበልጥ የተያያዘው ልጁ የሰማው የቃል ብዛት አልነበረም። ከትልቅ ሰው ጋር በየተራ የተመላለሰው ንግግር ነበር። የቤተሰቡ ገቢም ይህን አልቀየረውም። ድሃ ቤትም ሀብታም ቤትም የሚሠራ ነገር ነው ማለት ነው።

ሌላው ጥያቄ «በየትኛው ቋንቋ?» የሚለው ነው። የእኛ ልጆች ነገር ቀላል አይደለም። አማርኛው በግዕዝ ፊደል ነው፤ 33 ፊደል በ7 ቤት 231 ይሆናል። አፋርኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ቁርኣን ቤት አረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። እንግሊዝኛ ሲጨመር የላቲኑ ፊደል ሌላ ድምፅ ይዞ ይመጣል። ለምሳሌ «አፋር» የሚለው ስም በአፋርኛ ሲጻፍ የሚጀምረው እንግሊዝኛው «ኪው» በሚለው ፊደል ነው! ይህን ሁሉ በ3 ዓመቱ በአንድ ጊዜ መጫን አያስፈልግም። እናንተ ሕልም በምታዩበት፣ በምትቀልዱበት ቋንቋ አውሩት። በአንድ ቋንቋ ማውራትና ማዳመጥ የለመደ ልጅ ሌላውን ለመልመድ መሠረት አለው። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግርን ያዘገያል የሚባለውም ትክክል አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. የማታ ዳጉ። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ስልክ ይቀመጥ። መጀመሪያ እናንተ የዋላችሁበትን ንገሩት፤ ከዚያ እሱ ይንገራችሁ። ሲሳሳት አታቋርጡት። «ከዚያስ?» በሉት።

2. ተረትና እንቆቅልሽ። አያት ካሉ በአካል፣ ከሌሉም በስልክ ደውላችሁ ያጫውቱት። በዚህ ጊዜ ስልኩ ራሱ ይጠቅማል።

3. የድምፅ ጨዋታ። «በግ፣ በር፣ በላ፤ በምን ድምፅ ይጀምራሉ?» በአፋርኛ «ሌ» ውኃ ነው፣ «ላ» ደግሞ ከብት። አንድ ድምፅ ሲቀየር ነገሩ ሁሉ እንደሚቀየር ልጁ በጆሮው ይለይ። ፊደል ሲመጣ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

4. በመንገድ ላይ ያለ ጽሑፍ። የባጃጅ ታርጋ፣ የሱቅ ስም፣ የውኃ ፕላስቲክ ላይ ያለው ጽሑፍ። «ይኼ የስምህ ፊደል ነው» ማለት በቂ ነው።

5. አንድ የሥዕል መጽሐፍ። ማንበብ የማትችሉ ወላጆችም ሥዕሉን እያያችሁ አውሩት። ያንኑ መጽሐፍ 20 ጊዜ ቢጠይቃችሁ አትሰልቹ፤ ልጅ የሚማረው በድግግሞሽ ነው።

6. እርሳስ ከመያዙ በፊት ጣቱ ይጠንክር። አሸዋ ላይ ይጫር፣ ሊጥ ይጠፍጥፍ።

ለመዋዕለ ሕፃናት ባለቤቶችና መምህራንም አንድ ነገር ልበል። የ4 ዓመት ልጅ ማታ ቤቱ ሄዶ «ሀ»ን አንድ ገጽ እንዲገለብጥ ማድረግ ማንበብ አያስተምረውም፤ እጁን ያደክመዋል፣ ደብተር ያስጠላዋል። ወላጆች ደብተር ሙሉ ካላዩ «ምንም አያስተምሩም» እንደሚሉ ይገባኛል። ለዚህ ነው ወላጆችን የምለምነው፦ ልጁን «ስንት ፊደል ቆጠርክ?» ሳይሆን «ዛሬ ምን ተረት ሰማችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። እናንተ የምትጠይቁት ሲቀየር ትምህርት ቤቱም መቀየሩ አይቀርም።

አሁን ወደ ሕክምናው ልምጣ። የሚከተሉትን ካያችሁ «ወንድ ልጅ ሲናገር ይዘገያል» ብላችሁ አትጠብቁ፦

👉 ስሙ ሲጠራ የማይዞር ወይም ቴሌቪዥን በጣም ከፍ ካላደረገ የማይሰማ
👉 ጆሮው ምግል የሚፈስ ወይም ደጋግሞ የሚታመም
👉 በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል አገናኝቶ የማይናገር
👉 ይናገር የነበረውን ቃል የተወ
👉 ዓይኑን የሚያጨናብስ ወይም ሥዕል በጣም አስጠግቶ የሚያይ

ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ያለበት ልጅ ድምፆችን አጥርቶ አይሰማም፤ ሰነፍ ተብሎ ግን ይመታል። የብረት እጥረት ያለበት ልጅም ትኩረት ያጣል። ሁለቱም ይታከማሉ። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የመስማት ምርመራ እንዲደረግለትም ጠይቁ።

ፊደሉ ይደርሳል። እስከዚያው ልጁ የሚያወራው ሰው ይኑረው።

እናንተ ቤትስ ማታ ልጆቹን ማን ያጫውታቸዋል? በየትኛው ቋንቋ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ትንሽ ልጅ ላለው ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።